ከዳንቴሉ ሥር የበራችው መብራት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ክሊራንስ የሚሉትን ወረቀት ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ዋልኩ። አንዱ ቁልፍ መልሳለች ብሎ ፈረመ፣ ሌላዋ መታወቂያ መልሳለች ብላ ፈረመች። መሥሪያ ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ኖሮት አያውቅም፤ ወረቀቱ ላይ ግን "ያልመለሰችው መጽሐፍ የለም" የሚል መስመር ስለነበረ ለእሱም የሚፈርም ሰው ፈልጌ አስፈረምኩ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ብቻ አልፈርምም አለኝ። በስምዎ የተመዘገበ፣ እስካሁን ያልተወሰደ አንድ ዕቃ አለ አለ። ዕቃው ምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ብነግራችሁ ስቃችሁ ታልፋላችሁ፤ እኔ ደግሞ እዚያ በር ላይ ቆሜ ነው እንባዬ የመጣው።

ስሜ ሰሚራ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወልጄ፣ እዚያው ወልጄ፣ እዚያው ሸምግያለሁ። የሠራሁበት መሥሪያ ቤት የሕክምና ላቦራቶሪ ነው። ከየክሊኒኩ ደምና ሽንት ይመጣል፣ እኛ ዘንድ ይመረመራል፣ ውጤቱ ወደመጣበት ይመለሳል። እኔ ደም አይቼ አላውቅም፤ የእኔ ሥራ ውጤቱ የሚሄድበት መንገድ ነበር። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ይዞ፣ ታማሚው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱም የሚጠብቁት ያንን መንገድ ነው።

የጀመርኩት በስልክ ማዞሪያ ነበር። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት እንደገባ ሰሞን ነው የተቀጠርኩት። ፊቴ ላይ ትናንሽ አምፖሎች የተደረደሩበት ሰሌዳ ነበረ፤ አምፖሉ ሲበራ መሰኪያውን አንስቼ አገናኛለሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ሳላዳምጥ፣ አምፖሎቹን በማየት ብቻ የመሥሪያ ቤቱን ቀን ማንበብ ጀመርኩ። ጠዋት ሁሉም ይበራል። ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ይጠፋል፣ የሒሳብ ክፍሉ ብቻ ይቀራል። የሒሳብ ሹሟ ምሳ ሰዓት ላይ ከማን ጋር እንደምታወራ ግን ዛሬም አልናገርም።

ኋላ ስልኩ ራሱን በራሱ የሚያዞር መሣሪያ መጣና የእኔ እጅ አላስፈለገም። ባሌ ሞቶ ሁለት ልጆች ብቻዬን የማሳድግበት ጊዜ ነበር። የስንብት ደብዳቤዬ እየተተየበ ነው አሉኝ። በዚያው ሳምንት ነው ጋሽ መኮንን የሠራተኛ አስተዳደሩ ቢሮ ገብተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ያቺን የማዞሪያ ሴትዮ ለእኔ ስጡኝ ያሉት።

ጋሽ መኮንን የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ የኤሌክትሪክ ሰው። የአስተዳደሩ ሹም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብቻ ነው የጨረሰችው፣ ኮምፒዩተር አታውቅም አላቸው። እሳቸው የመለሱት መልስ በመሥሪያ ቤቱ ሲወራ ኖሯል፦ "መብራት ለማየት ዲግሪ አይጠየቅም። እኔ የምፈልገው አይቶ የማይሰለች ሰው ነው።"

ማሽኑን ያላየ ሰው ስለሚኖር ላስረዳ። የብረት መደርደሪያ አለ፣ ቁመቱ የሰው ያህል። እዚያ ላይ በአራት ብሎን የታሰረ፣ ስፋቱ ክንድ የማይሞላ፣ ከፍታው ሦስት ጣት የሆነ ጥቁር ሣጥን ተቀምጧል። የክሊኒኮቹ ኔትወርክ ሁሉ የሚገባውና የሚወጣው በእሱ ነው። ዋናው ነገሩ ፊቱ ላይ ነው። በግራ በኩል ሦስት መብራቶች አሉ፤ አንዷ ኃይል ማግኘቱን፣ አንዷ ጤንነቱን፣ ሦስተኛዋ ችግር መኖሩን ትናገራለች። ይህቺ ሦስተኛዋ ደህና ቀን ላይ ጨለማ ነች፤ ብርቱካናማ ከሆነች ግን የሆነ ነገር ሊመጣ ነው። ከእነሱ ቀጥሎ ለብቻዋ የተቀመጠች አንዲት መሰኪያ አለች፤ ሁሉም መንገድ ሲዘጋ ከማሽኑ ጋር በቀጥታ የምንነጋገርባት ናት። ከዚያ አሥራ ስድስት የኬብል መሰኪያዎች፣ ፖርት የምንላቸው፣ ስምንት ከላይ ስምንት ከታች። እያንዳንዱ ፖርት ሁለት መብራት አለው፤ አንዱ ኬብሉ መያዙን፣ ሌላው በውስጡ ወሬ ማለፉን ያሳያል። ወሬ ሲያልፍ ትር ትር ይላል።

ጋሽ መኮንን ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ማሽኑ ፊት ይቆማሉ። አይነኩም። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ሳያቸው የሚጸልዩ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ተመልሼ በሩን ዘግቼላቸዋለሁ። ኋላ ነው የገባኝ፣ ለካ እየቆጠሩ ነው። ሲጨርሱ የልጆች የሒሳብ ደብተር ያወጣሉ፣ ያንን ባለ ካሬ መስመሩን። የማሽኑን ፊት እንዳለ ይስላሉ፤ እያንዳንዱን መብራት አረንጓዴውን በአረንጓዴ፣ ብርቱካናማውን በብርቱካናማ የተማሪ እርሳስ ይቀባሉ። በየቀኑ አንድ ገጽ። ደብተሮቹ ክምር ሆነው መስኮቱ ሥር ተደርድረው ነበር።

እኔንም ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው። ኬብሎቹን በቁስል ፕላስተር እየጠቀለልኩ ስም መጻፍ፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ማራገፍ፣ ብሎን ሳጠብቅ በእጄ ጫፍ መሥራት። ከሁሉም በላይ ግን ደብተሩን። አንድ ቀን ቶሎ ቶሎ ስስል አዩኝና ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ሰሚራ፣ የምታውቂውን አይደለም የምትስዪው" አሉኝ። "የምታዪውን ነው።"

ገብቶኛል አልኳቸው። ያኔ ግን አልገባኝም ነበር።

ሚሊኒየሙን ካከበርን ከዓመት በኋላ ግድም ደጃችን ላይ ኮብልስቶን ማንጠፍ ተጀመረ። ድንጋይ ሲጠረብ፣ አፈር ሲገለበጥ አቧራው በበሩ ሥር እየገባ ሁሉንም ነገር ያለብሰዋል። በዚያው ሰሞን አዲስ ማሽን ገዝተን ተክለን ነበር፤ የሚያብረቀርቅ፣ ገና የፋብሪካ ሽታው ያልለቀቀው። የጋሽ መኮንን ወንድም ደብረ ብርሃን ሞቶ እሳቸው ለሦስት ሳምንት ወደዚያ ሄዱ። ክፍሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ብቻ ትተውልኝ ሄዱ።

እኛ አገር ውድ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮው ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ላይ ዳንቴል፣ የቢሯችን ስልክ እንኳ የራሱ ትንሽ ዳንቴል ነበረው። እኔ ደግሞ እጄ ዳንቴል ላይ አይታማም። ለማሽኑ በአንድ ሳምንት ሠራሁለት፤ ነጭ፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ፣ ከመደርደሪያው አናት ተነስቶ እስከ ማሽኑ እግር የሚወርድ። አቧራ እንዳይነካው ብዬ ነው። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ክፍሉ የእኔ መሆኑ እንዲታይም ነበር። ጸሐፊዎቹ እየመጡ አዩ፣ እጅሽ ይባረክ አሉ። ዶክተር፣ ሥራ አስኪያጃችን፣ በሩ ላይ ቆመው ፈገግ አሉ። ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዳንቴሉን ገልጬ እያየሁ ሳልኩ። በአራተኛው ቀን ስልክ ጠራ፣ ሰው ጠበቀኝ፣ ቸኮልኩ። ማሽኑ አዲስ ነው፣ ትናንት ሁሉም አረንጓዴ ነበር፣ ዛሬስ ምን ይሆናል አልኩና የትናንቱን ገጽ ገለበጥኩት። በማግስቱም እንደዚያው አደረግሁ። አንዴ ከተጀመረ ቀላል ነው። አምስት ገጽ ሙሉ ዳንቴሉን ሳልገልጥ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁ።

በአምስተኛው ገጽ ማግስት ክፍሉ ስገባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ዳንቴሉን ስገልጠው አንድም መብራት የለም። ማሽኑ የሚተነፍሰው በፊቱ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል ነበር፤ እኔ አፍኜዋለሁ። ማራገቢያው ሲታክት ያቺ ሦስተኛዋ መብራት ብርቱካናማ ሆና በርታ ነበር። ስንት ቀን እንደበራች አላውቅም። ያየኋት ብሆን ዳንቴሉን ማንሳት ብቻ ይበቃ ነበር።

ምትኩ ከውጭ አገር እስኪመጣ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ሲስተም የለም የሚለው ቃል በየክሊኒኩ መስኮት ላይ ተለጠፈ። ውጤት በመኪና፣ መኪና ባልገባበት በእግር ተላከ። አንዲት ነፍሰ ጡር ከኪዳነ ምሕረት በላይ ካለው ሰፈር ያንን ቁልቁለት እየወረደች ሦስት ጊዜ መጣች፤ ደጃችን ያለው ደረጃ ላይ ሆዷን ይዛ ተቀምጣ አየኋት። አራተኛ ቀኗ ላይ ውጤቷ ደረሰላት፣ ደህና ነበረች፣ አልሐምዱሊላህ። እኔን ግን ያ ደረጃ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ጋሽ መኮንን ከልቅሶ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ደብተሩ ነው የሄዱት። አምስቱን ገጽ አንድ በአንድ ገለጡ። አምስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የአንዷ መብራት አረንጓዴ ከመስመር የወጣችበት ቦታ እንኳ ሳይቀር ገልብጬዋለሁ። ቀና ብለው አላዩኝም። ደብተሩን ዘግተው ከክምሩ መሃል ከተቱት።

ዶክተር ሁለታችንንም አስጠርተው ማን ነው ተጠያቂው አሉ። አፌን ከፈትኩ። ልጆቼ በዓይኔ መጡ፣ ያ የስንብት ደብዳቤ መጣብኝ፣ አፌን መልሼ ዘጋሁ። ጋሽ መኮንን ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ እያዞሩ "ክፍሉ የእኔ ነው፤ ኃላፊነቱም የእኔ ነው" አሉ።

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯቸው፤ የማሽን ክፍሉ ለእኔ ቀረ። ጡረታቸው ሊደርስ ሦስት ዓመት የቀረው ሰው፣ አገር ያወቀው ባለሙያ፣ የወረቀት ጥቅልና የጓንት ካርቶን ቆጣሪ ሆኑ። የተቃጠለውን ማሽንና ዳንቴሉን አንድ ላይ ጠቅልለው ይዘው ወረዱ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሳምንቱ ዶክተር ቢሮ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ደብተሩን የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ ዳንቴሉም የእኔ ነው አልኳቸው። ዶክተር መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ደብዳቤው ወጥቷል፣ በግልባጭም ተሰራጭቷል፣ በደብዳቤ የወጣ ነገር በወሬ አይመለስም ብለው አሰናበቱኝ። መናገሬ ዋጋ የሚኖረው በዚያች የመጀመሪያዋ ቀን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ። እኚህ ሰው ጡረታ ሳይወጡ ወደ ማሽኑ ፊት መመለስ አለባቸው። ደመወዝም ዕድገትም አልታየኝም። በልቤ የያዝኩት ሦስቱን ዓመት ብቻ ነበር፣ እነሱም መቀነስ ጀምረው ነበር።

በየቀኑ ምሳ ሰዓት ደብተሬን ይዤ ግምጃ ቤት እወርዳለሁ። ስለሆነው ነገር አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። ከካርቶኖቹ መሃል ቀና ብለው "ዛሬ ምን ይላል?" ይሉኛል፣ ገጹን አሳያቸዋለሁ። አንዳንዴ ጣታቸውን አንድ ፖርት ላይ አድርገው ይህ ከትናንት ይልቅ ዝም ብሏል፣ ኬብሉን እዪው ይላሉ። እሄዳለሁ፣ አያለሁ፣ ልክ ናቸው። ማሽኑን ሳያዩት በእኔ እርሳስ ያነቡት ነበር።

ሁለተኛው ማሽናችን እንጦጦ ላይ ነበር። ከኪዳነ ምሕረት በላይ፣ ወደ ራጉኤል በሚወስደው በኩል፣ ባሕር ዛፉ መሃል የቆመ ምሰሶና አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። የክሊኒኮቹን መስመር በአየር የምንቀበለው እዚያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን በእግሬ እወጣለሁ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ እኔ ስወጣ መንገድ ላይ እንገናኛለን፤ እነሱ ያን ሁሉ ጭነው ሳያለከልኩ እኔ ባዶ እጄን ሳለከልክ ያዩና ይስቁብኛል።

የቤቷ ጠባቂ ገመቹ ይባላል። ፊደል አልቆጠረም፤ ዓይኑ ግን የንስር ነው። በየቀኑ መውጣት ስለማልችል መብራቶቹን በስልክ እንዲነግረኝ ላስተምረው ፈለግሁ። ቁጥርና ስም ብነግረው ይምታታበታል። በመጨረሻ መላውን ያመጣው ራሱ ነው። ፖርቶቹን አየት አደረገና ይሄማ መንደር ነው አለ። የላይኛው ረድፍ ላይ ሰፈር፣ የታችኛው ታች ሰፈር ሆነ። እያንዳንዱ ፖርት ቤት ነው፤ መብራት ከበራ ሰው አለ፣ ትር ትር ካለ እያወሩ ነው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ይደውልልኛል። ላይ ሰፈር ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ቤት ሰው አለ፣ ስድስተኛው ተኝተዋል፣ ታች ሰፈር ሦስተኛው ቤት ዛሬ ወሬ በዝቷል ይለኛል። እኔ ታች ሆኜ በደብተሬ እስላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጠዋት አላጓደለም።

የጋሽ መኮንን ጡረታ አንድ ዓመት ሲቀረው አንድ ኮንትራክተር ኔትወርኩን በሙሉ እኔ ልያዝ ብሎ ለዶክተር ማመልከቻ አቀረበ። የእኛ ክፍል ይዘጋል፣ ሁሉም ነገር ከእነሱ ቢሮ በስክሪን ይታያል። ክፍሉ ከተዘጋ ጋሽ መኮንን የሚመለሱበት ቦታም አይኖርም። የኮንትራክተሩ ሰዎች ለጥናት ብለው አንድ ከሰዓት እንጦጦ ወጥተው ማሽኑን አዩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ወረዱ።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኮቹ በሙሉ ጠፉ። ስልኩ በየአቅጣጫው ይጮሃል፣ ሲስተም የለም። ዶክተር ማሽን ክፍሉ ውስጥ ቆመዋል፣ ፊታቸው ጠቁሯል። የኮንትራክተሩ ባለሙያ ላፕቶፑን ከፍቶ ይታገላል፣ የእንጦጦው ማሽን አልመልስለት አለ። በመጨረሻ ዕቃው አርጅቷል፣ በሙሉ መቀየር አለበት፣ ሳምንታት ይፈጃል አለ። ሳምንታት የሚለውን ስሰማ ያ ደረጃ ፊቴ ድቅን አለ።

ገመቹ በየጠዋቱ የሚደውልበት ሰዓት ገና ነበር። እኔው ደወልኩለት።

"ገመቹ፣ መንደሩ እንዴት አደረ?"

"እትዬ ሰሚራ፣ ልደውልልዎት ስል ነው። መንደሩ አብዷል" አለኝ። "ሁሉም ቤት አንድ ላይ ነው የሚያወራው። አንዱ አንዱን አያስጨርስም። እንደዚህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።"

"አደጋዋ መብራትስ? ሦስተኛዋ?"

"ጨለማ ነች። እሱ ደህና ነው።"

ማሽኑ አልታመመም ማለት ነው። "ትናንት ጠዋት ሰው ያልነበረበት፣ ዛሬ መብራት የበራበት ቤት አለ?"

ሲቆጥር ይሰማኛል። "አለ። ላይ ሰፈር ስምንተኛው፣ ታች ሰፈር ስድስተኛው። ትናንት ሁለቱም ጨለማ ነበሩ።"

ሳልኩት። ስልኩን ሳልዘጋ ደብተሬን ይዤ ወደ ግምጃ ቤት በረርኩ። ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አደረጉና ገጹን ካርቶን ላይ ዘርግተው አዩት። ሁሉም አንድ ላይ ነው ብሎሻል አሉ፣ አዎ አልኳቸው። ጣታቸውን ላይ ሰፈር ስምንተኛው ቤት ላይ አደረጉ። ከዚያ በቀስታ ጎንበስ አድርገው ታች ሰፈር ስድስተኛው ላይ አሳረፉት፤ ግማሽ ክብ ሠሩ። ያን ጊዜ ታየኝ። አንድ ኬብል ነው። አንዱ ጫፉ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ታች ተሰክቷል። ማሽኑ የተናገረው ተመልሶ በሌላው ጆሮው ይገባል፣ አዲስ ወሬ መስሎት ደግሞ ይናገረዋል፣ ማቆሚያ የለውም። ትናንት የወጡት ሰዎች ተንጠልጥሎ ያገኙትን ትርፍ ኬብል እንዳያስጠላ ብለው ሁለቱንም ጫፉን ሰክተው ሄደዋል።

"ይምጡ፣ እርስዎ ይንገሯቸው" አልኳቸው።

ደብተሩን ዘግተው ሰጡኝ። "ክፍሉ አሁን የአንቺ ነው" አሉ።

ተመልሼ ስገባ ለዶክተር ያየሁትን ነገርኳቸው። ባለሙያው ሳቀ። ፊደል የማያውቅ ዘበኛ በስልክ በነገራት ወሬ ኬብል ልታስነቅል ነው፣ የተረፈውንም ታጠፋዋለች አለ። ገመቹ ደግሞ ማሽኑን በፍጹም እንዳይነካ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ዶክተር ወዲያና ወዲህ አዩን። ካልሆነስ፣ ማን ነው ተጠያቂው አሉ።

ያው ጥያቄ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አፌን የዘጋሁበት። አሁን ግን ከፈትኩት።

"ክፍሉ የእኔ ነው ዶክተር። ኃላፊነቱም የእኔ ነው።"

ዶክተር በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የስልኩን ድምፅ ለሁሉም ከፍቼ፣ ገመቹ፣ ታች ሰፈር ስድስተኛው ቤት የገባውን ኬብል፣ ጫፉ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ምላስ ጫን አድርገህ ሳበው አልኩት። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ የገመቹን ትንፋሽ እያዳመጥን ነበር።

"ቀስ እያለ ነው" አለ። "አሁን ላይ ሰፈር አንደኛው ያወራል፣ ሁለተኛው ዝም ብሎ ይሰማል። ተራ ይዘዋል እትዬ። ሰላም ወርዷል።"

ወዲያው ከኮተቤው ክሊኒክ ስልክ መጣ፣ ሲስተም መጣ አሉ። ቀጥሎ ከሌላው፣ ከሌላው። ጸሐፊዎቹ ኮሪደሩ ላይ እልል አሉ። ባለሙያው ላፕቶፑን ሲዘጋ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ሳቄን እንዳያይብኝ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ብዬ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ጠጥቷል።

ዶክተር እንዴት አወቅሽ አሉኝ። የደብተሮቹን ክምር ከመስኮቱ ሥር አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ቆለልኩት። የላይኞቹ የእኔ፣ የታችኞቹ የጋሽ መኮንን። ከመሃል ያንን ደብተር አወጣሁና አምስቱን ተመሳሳይ ገጽ በሁሉም ፊት ገለጥኩ። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእሳቸው ሥራ ነው፣ ዛሬ ያወቅሁት በእሳቸው ነው አልኩ። ለራሴ ምንም አልጠይቅም፣ እሳቸውን ብቻ መልሱልኝ አልኩ። በደብዳቤ የወጣ ነገር በወሬ አይመለስም ብለውኝ ነበርና፣ ሌላ ደብዳቤ ይጻፍ አልኳቸው።

ተጻፈ። ግልባጩም ለሁሉም ክፍል ተሰራጨ።

ጋሽ መኮንን ሰኞ ጠዋት መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ማሽኑ ፊት ቆሙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁ፤ በዚህኛው ጊዜ እየጸለዩ ቢሆን እንኳ ቅር አይለኝም ነበር። አሥራ አንድ ወር አብረን ሠራን፤ ከማሽን ክፍሉ፣ ከማሽኑ ፊት ነው ጡረታ የወጡት። ኮንትራክተሩ ማመልከቻውን መልሶ ወሰደ። ለገመቹ ዶክተር ራሳቸው እንጦጦ ወጥተው የምስጋና ወረቀት ሰጡት፤ ማንበብ ስለማይችል እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉን ስምንት ዓመት መራሁ። ማሽኖቹ ተቀያየሩ። መብራቶቹ በስክሪን መታየት ጀመሩ፤ ከእኔ በኋላ የመጡት ልጆች ስልካቸውን አይተው "ሁሉም ኦኬ ነው" ይላሉ። እኔ አስነስቼ ማሽኑ ፊት አቆማቸዋለሁ። ያማርሩኛል፣ ግን ይቆማሉ።

አሁን ወደ ክሊራንሱ ልመለስ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አሮጌውን መዝገብ ከፍቶ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አደረገ። በጋሽ መኮንን እጅ ጽሑፍ፦ ዳንቴል፣ ነጭ፣ ዳሩ አረንጓዴ፣ ብዛት አንድ፣ ወይዘሮ ሰሚራ ስትጠይቅ የሚሰጣት። የተመዘገበው ግምጃ ቤት በገቡ በመጀመሪያው ወር ነው። እኔ ምንም ሳልክስ፣ ምንም ሳልመልስ ገና። ከአሥር ዓመት በላይ ለመጠየቅ አፍሬ ስሸሸው የኖርኩት ዕቃ ስሜን ይዞ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

ሠራተኛው ከላይኛው መደርደሪያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወረደ። ስፈታው ዳንቴሉ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ነበር። ስዘረጋው ብርሃን በመሃሉ አለፈ። በግራ በኩል ሦስት ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ተቆርጠዋል። ከእነሱ ቀጥሎ አንዲት ለብቻዋ ያለች ቀዳዳ፣ ከዚያ አሥራ ስድስቱን ፖርቶች የሚያህል ረጅም መስኮት። ሁሉም ዳር ዳራቸው በአረንጓዴ ክር ተዘምዝሟል፤ ስፌት በማያውቅ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ። በዚያ በካርቶን መሃል በጣሏቸው ሰሞን ተቀምጠው ሲሰፉት ታየኝ። ክሊራንሱ ተፈረመልኝ፤ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም።

ማታውን ቤት ገብቼ ዳንቴሉን ልጄ ባስገባችው የዋይፋይ ሣጥን ላይ አለበስኩት። ለሣጥኑ በጣም ትልቅ ነው፣ ግን ቀዳዳዎቹን አስተካክዬ አንዷን መብራቱ ላይ አሳረፍኳት። ከዚያ ጋሽ መኮንን ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ስፌትዎ ጠማማ ነው" አልኳቸው።

ስለምን እንደማወራ ሲገባቸው ትንፋሻቸው ተሰማኝ።

"ዛሬ ምን ይላል?" አሉኝ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ተነስቼ ሄድኩ፣ ሣጥኑ ፊት ቆምኩ፣ ጎንበስ ብዬ በቀዳዳዋ አየሁ።

"አረንጓዴ ነው ጋሼ" አልኳቸው። "አሁን አይቼ ነው።"